በውርጭ ውስጥ የቆሙ ሰዎች፤ የካናዳ ድልድዮችና የ2022 የመኪና ቅፍለት

ከቶሮንቶ ወደ ምሥራቅ ወጥቶ፣ የኦንታሪዮን ሐይቅ በቀኙ እያደረገ እስከ ኪንግስተንና ከዚያም ወዲያ የሚዘልቀው 401 ቁጥር የተባለው አውራ ጎዳና፣ ከበላዩ ብዙ ድልድይ ተጋድሞበታል። እነዚህ ድልድዮች የተሠሩት የገጠሩ መንገድ አውራውን ጎዳና ሳይነካ በላዩ እንዲሻገር ነውና ሰው ቆሞ እንዲውልባቸው ያሰበ መሐንዲስ አልነበረም። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2022 የመጨረሻ ሳምንት፣ ነፋሱ ከሜዳው አመዳይ እያፈሰ በሰው ፊት ላይ ሲበትን፣ የአፍ እንፋሎትም በቅንድብና በጢም ላይ ወዲያው ሲረጋ፣ ሽማግሌው ከሚስቱ ጋር፣ ወጣቱ ከባልንጀሮቹ ጋር፣ እናትም ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ በድልድዮቹ የብረት አጥር አጠገብ ተሰልፈው ወደ ምዕራብ ይመለከቱ ነበር። ዘንግ ያጣው ሰው ልጆቹ በበረዶ ላይ ሆኪ የሚጫወቱበትን ዱላ አምጥቶ ቀይ የሜፕል ቅጠል ያለበትን ሰንደቅ ዓላማ አስሮበታል፤ ሌላው በካርቶን ላይ የጻፈውን የማበረታቻ ቃል በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዟል፤ ከበስተኋላቸው ያቆሟቸው መኪኖችም ሞተራቸው አልጠፋም፣ ብርዱ የጸናበት ሁሉ ተራ በተራ እየገባ ጥቂት ሙቀት ቀምሶ ይመለሳልና።

የሚጠብቁት ነገር ሲመጣ አስቀድሞ የሚታየው መብራቱ ነው፤ ከዚያ ድምፁ ይከተላል፤ ከባዱ መኪና ወደ ድልድዩ ሥር ሲቃረብ ሹፌሩ ክላክሱን ይለቀዋል፣ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ይጮኻል፣ የድልድዩም ወለል ከእግር በታች ይርዳል። መኪናው በወዲያኛው በኩል ሲወጣ የሚጎትተው ነፋስ ከመንገዱ የጠረገውን የበረዶ ብናኝና የጨው ትቢያ ወደ ላይ ይረጨዋል። ለዚህ የጥቂት ደቂቃ ትርኢት ሲባል አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት፣ ከዚያም በላይ ተቆመ። ስለ ሹፌሮቹ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን ልናገር የምወደው ስለ ቋሚዎቹ ነው።

የነገሩ መነሻ የታወቀ ነው። ኮሮና የተባለው ወረርሽኝ ሲነሣ በካናዳና በአሜሪካ መካከል ያለው ድንበር ለተራው መንገደኛ ሲዘጋ፣ ምግብና መድኃኒት የሚያመላልሱት የጭነት መኪና ሹፌሮች ወሸባ ሳይገቡ እንዲያልፉ ተፈቅዶላቸው ነበር። ይህ ፈቃድ በጃንዋሪ 15 ቀን 2022 አበቃ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያልተከተበ ካናዳዊ ሹፌር ከአሜሪካ ሲመለስ 14 ቀን ወሸባ እንዲቀመጥ ተደነገገ፤ አሜሪካም በበኩሏ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ በጃንዋሪ 22፣ ያልተከተበ የውጭ አገር ሹፌር በድንበሯ እንዳያልፍ ከለከለች። ድንበር ተሻግረው ከሚሠሩት ካናዳውያን ሹፌሮች ከመቶ 85 ያህሉ አስቀድመው እንደ ተከተቡ ይገመት ስለ ነበር፣ ትእዛዙ በቀጥታ የነካው ጥቂቶቹን ነው። ነገር ግን በወረርሽኙ ሁለት ዓመታት ውስጥ ሱቁ የተዘጋበት፣ ልጁ ከትምህርት ቤት የቀረበት፣ የዘመዱን ቀብር ከሩቅ ያየ ሰው ብዙ ነበረና፣ የእነዚህ የጥቂቶቹ ቅሬታ ለብዙዎች ምሬት በር ከፈተ። የጭነት ማመላለሻ ድርጅቶችን የሚወክለው የካናዳ ትራኪንግ አሊያንስ በአውራ ጎዳና ላይ የሚደረገውን ሰልፍ እንደማይደግፍ በግልጥ ቢያስታውቅም፣ ቅፍለቱ ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተነሣ፤ ከደቡብ ኦንታሪዮ፣ ከኩቤክና ከአትላንቲክ ዳርቻ አውራጃዎችም ሌሎች ተነሡ፤ የሁሉም መድረሻ መንግሥት የሚቀመጥባት ኦታዋ ነበረች። በጃንዋሪ 26 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጀስቲን ትሩዶ የሚመጡት ሰዎች ተቀባይነት የሌለው አሳብ የያዙ፣ በዳር ያሉ ጥቂቶች እንደ ሆኑ ተናገሩ። ይህ ቃል፣ በእኔ አስተያየት፣ ከማናቸውም ቀስቃሽ ይልቅ ሰውን ወደ ድልድዮቹ አወጣ፤ ጥቂት ነህ የተባለ ሰው መቈጠር ይወዳልና።

ከፓሲፊክ ዳርቻ እስከ ኦታዋ ያለው መንገድ ከ4,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የሮኪን ተራሮች ከተሻገሩ በኋላ የአልበርታና የሳስካችዋን ሜዳ ይቀበላል፤ በዚያ ሜዳ ነፋሱን የሚገታ ዛፍ ወይም ኮረብታ ስለሌለ፣ ከቤቱ ወጥቶ በመንገድ ዳር የቆመ ገበሬ በሰውነቱ ለነፋሱ የመጀመሪያው መከታ ይሆናል። ከዊኒፔግ ወዲህ ደግሞ ያች ሰፊ አገር በመንገድ ረገድ ትቀጥናለች፤ ከሱፒሪየር ሐይቅ በስተሰሜን፣ ኒፒጎን በተባለ ቦታ፣ ምሥራቁን ከምዕራቡ የሚያገናኘው መኪና ሁሉ በአንድ ድልድይ ላይ ያልፋል። በጃንዋሪ 2016 ይህ ድልድይ ተሠርቶ ከተከፈተ ገና ሁለት ወር ሳይሞላው ብሎኖቹ ተበጥሰው ወለሉ ከቦታው ተነሥቶ ስለ ነበረ፣ በአገሪቱ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር በመኪና መሄድ ለአንድ ቀን ያህል ተቋርጦ ነበር። በእንደዚህ ያለ ስፍራ፣ ከአንዱ መንደር እስከ ሌላው ረጅም የጥድ ጫካ ብቻ በሆነበት፣ መንገደኛን ለመደገፍ የሚወጣ ሰው ከባንዲራ ይልቅ ትኩስ ሾርባ ይዞ መውጣቱ አያስገርምም፤ በየማደያውና በየመኪና ማቆሚያው ሰዎች በቤታቸው ያበሰሉትን እያመጡ ሹፌሮቹን አብልተዋል።

እንግዲህ ስለ ብርዱ ልናገር። የብርድን ኃይል ቴርሞሜትር ብቻውን አይገልጠውም። አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ፖል ሳይፕልና ቻርልስ ፓሰል ይህን ዐውቀው፣ በአንታርክቲካ ምድር ውሃ የሞላበት የፕላስቲክ ዕቃ በነፋስ ውስጥ ሰቅለው ውሃው እስኪረጋ የሚፈጀውን ጊዜ እየለኩ አንድ ስሌት አወጡ፣ በ1945ም አሳተሙት። የሰው ፊት ግን የራሱ ደምና ሙቀት ስላለው ውሃ እንደ ሞላበት ዕቃ ሊቈጠር አይገባውምና፣ በ2001 ካናዳና አሜሪካ በአንድነት ስሌቱን አደሱት፤ ለዚህም በቶሮንቶ በሚገኝ የመከላከያ የምርምር ተቋም ስድስት ወንዶችና ስድስት ሴቶች ፊታቸው ላይ መለኪያ ተለጥፎ፣ ቀዝቃዛ ነፋስ በሚነዳበት ክፍል ውስጥ በሚሽከረከር መርገጫ ላይ እንዲራመዱ ተደረገ። በዚህ ስሌት መሠረት፣ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች 20 ሲያሳይ ነፋሱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ የተገለጠ ፊት የሚሰማው ከዜሮ በታች 33 ያህል ነው፤ ቴርሞሜትሩ ከዜሮ በታች ወደ 25 ቢወርድ ደግሞ 39። የካናዳ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት እንደሚያስጠነቅቀው፣ ከዜሮ በታች ከ28 እስከ 39 ባለው መጠን የተገለጠ ቆዳን ውርጭ ለመብላት ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከ40 ካለፈ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ።

ድልድይ ደግሞ ከምድር የባሰ ነው። ምድር በበጋ ያከማቸውን ሙቀት በጥልቁ ይዞ ይቆያል፤ ድልድይን ግን ነፋስ ከላይም ከታችም ስለሚልሰው ከመንገዱ አስቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ በላዩ የቆመውንም ሰው ሙቀት በጫማው ሶል በኩል ይመጠዋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ከእግሩ ሥር ካርቶን አንጥፎ ይቆማል፤ ጣቶችን አንድነት የሚሰበስበውን ጓንት ጣት ጣቱን ከሚለየው ይመርጣል፤ አንድ ወፍራም ከመልበስ ሦስት ስስ ደርቦ በመካከላቸው አየር ያስቀራል። ሰውነትም የራሱ ሥርዓት አለው። ብርዱ ሲበረታ ደም ከጣትና ከአፍንጫ ጫፍ ሸሽቶ ልብና ጉበት ወዳሉበት ይሰበሰባል፤ ዳሩ ተትቶ ማዕከሉ ይጠበቃል ማለት ነው። ጣት መጀመሪያ ያማል፣ ቀጥሎ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ሕመሙ ፈጽሞ ይጠፋል፤ ሊፈራ የሚገባውም ይህ የሕመሙ መጥፋት ነው። መጠጥ የቀመሰ ሰው ሞቀኝ ይላል፤ ደሙ ግን ወደ ቆዳው ወጥቶ የቀረውን ሙቀት ለነፋስ እየሰጠ ነው። የሰውነት ውስጣዊ ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ ምላስ ይተሳሰራል፣ አሳብ ይዘበራረቃል፣ ሰውየውም ምንም እንዳልሆነ ይናገራል። ስልካቸውን አውጥተው ቅፍለቱን ለመቅረጽ የሞከሩትም፣ ባትሪው በብርድ ጊዜ ኃይሉን አልሰጥ ስለሚል፣ መኪኖቹ በደረሱበት ሰዓት ጥቁር መስተዋት በእጃቸው ይዘው የቀሩበት ጊዜ አለ።

መኪናውም ቢሆን ከሰው አይሻልም። ናፍጣ በተፈጥሮው ሰም አለበትና ብርዱ ሲጸና ሰሙ ይነጠልና ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ ስለዚህ በካናዳ ለብርዱ ወራት የሚሸጠው ናፍጣ በተለየ አኳኋን ይዘጋጃል፤ ሹፌሩም ሲያድር ወይ ሞተሩን ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ ጋር ያያይዘዋል፣ ወይም እያንኳኳ ያሳድረዋል። የጭሱን መርዝ ለመቀነስ በአዳዲሶቹ መኪኖች የሚጨመረው ፈሳሽ ከዜሮ በታች በ11 ዲግሪ ይረጋል፤ በፍሬኑ የአየር መስመር ውስጥ የገባ ርጥበትም በረዶ ሆኖ ፍሬኑን ሊይዘው ይችላል። ለሞተር የሚያስፈልገው ናፍጣ በኋላ በኦታዋ ለነገሩ ሁሉ ቍልፍ ሆነ፤ እዚያ ስንደርስ እመለስበታለሁ።

በእነዚያ በ401 ድልድዮች ላይ በብርድ መቆም በ2022 አልተጀመረም። በአፕሪል 2002 በአፍጋኒስታን፣ በቃንዳሃር አጠገብ፣ አራት ካናዳውያን ወታደሮች ከአሜሪካ አውሮፕላን በስሕተት በተጣለ ቦንብ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ የሚወድቁት ወታደሮች አስከሬን ትሬንተን በተባለው የአየር ኃይል ሰፈር እያረፈ፣ ለምርመራ ወደ ቶሮንቶ በ401 መንገድ በጥቁር መኪና ይሄድ ነበር፤ ርቀቱም ወደ 172 ኪሎ ሜትር ነው። ሰዎች ከየመንደሩ እየወጡ በድልድዮቹ ላይ መቆም ጀመሩ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቀይ መኪኖቻቸውን በድልድዩ ላይ አሰለፉ፣ የቀድሞ ወታደሮች ሜዳይ አንጠልጥለው መጡ፣ ሠራተኛው ሥራውን አቋርጦ መጣ። የጦርነቱ ዘመን ሲያልቅ የካናዳ ወታደሮች ሟች ቍጥር 158 ደርሶ ነበር፤ አንዳንዶቹም በዚያ መንገድ ያለፉት አመዳይ በሚወርድበት ወራት ነው። የኦንታሪዮ መንግሥት በ2007 ያን የመንገድ ክፍል የጀግኖች አውራ ጎዳና ብሎ ሰየመው፤ ስሙን አስቀድሞ በሥራ የሰጠው ግን በድልድይ ላይ የቆመው ሕዝብ ነው። በዚያን ጊዜ ክላክስ አይነፋም፣ ማንም አይጮኽም፤ ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ጆሮውን ለውርጭ ሰጥቶ ይቆማል።

የሙታኑን መሸኘትና የሹፌሮቹን ማበረታታት አንድ አድርጎ ማየት አይገባም የሚል ሰው አይጠፋም፤ ልክም ነው። ነገር ግን በ2022 የወጡት ሰዎች ከዚያ ልማድ የወረሱት ነገር እንዳለ ይሰማኛል፤ ይኸውም ተናጋሪ ሆኖ አደባባይ መውጣት ያልለመደ፣ ጋዜጣ ላይ የማይጽፍ፣ ምክር ቤት ውስጥ ዘመድ የሌለው ሰው፣ ገላውን ለብርድ አሳልፎ በመስጠት ቃሉን የሚያጸና መሆኑ ነው። በእኛም አገር ደጅ የሚጠና ባለጉዳይ ከንግግሩ ይልቅ በመቆሙ ይለምናል፤ ፀሐዩና ዝናቡ ጠበቃው ነው። ውርጭም ለካናዳው ሰው እንዲሁ ሆነለት። ሆኖም ውርጭ የሚመሰክረው የሰውየውን ቍርጠኝነት ነው፤ የያዘው ነገር እውነት ይሁን አይሁን አያውቅም። ሠለስቱ ደቂቅ በእቶነ እሳት ውስጥ ሆነው ቍርንና አስሐትያን ለምስጋና ጠሩ፤ እነዚህ ፍጥረታት በማን ወገን እንደ ቆሙ ግን ሰው የራሱን ጉዳይ አይቶ ሊፈርድ አይችልም።

ስለ ቅፍለቱ ብዛት የተነገረው ወሬ ልክ አልነበረውም፤ 70 ኪሎ ሜትር ይረዝማል የሚል ቃል በሰፊው ተናፍሶ ነበር። በጃንዋሪ 28 በኪንግስተን ያለፈውን ቅርንጫፍ የከተማዋ ፖሊስ ቈጥሮ ያስታወቀው ግን ይህ ነው፤ ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪኖች 17፣ ተሳቢ የሌላቸው ጎታቾች 104፣ የቤት መኪኖች 424፣ ለመኖሪያ የተዘጋጁ መኪኖች ደግሞ 6። ይህ ቍጥር ወሬኛውን የሚያሳፍር ቢመስልም ለእኔ ሌላ ነገር ይነግረኛል። ከአራት መኪና ሦስቱ ተራ የቤት መኪና ከሆነ፣ ቅፍለቱን ያበዛው በመንገድ ዳር ሆኖ ሲያጨበጭብ ቈይቶ ቍልፉን አዙሮ የተከተለው ሰው ነው ማለት ነው፤ ደጋፊውና ተደጋፊው በጉዞው ላይ ተቀላቅለዋል። ከድልድይ ላይ ያየ ሰው ብዛቱን ማጋነኑም ለመፍረድ አያስቸኵልም፤ ሁለት ሰዓት በውርጭ ለቆመ ሰው ያለፈው ነገር ትንሽ ነበር ማለት ይከብደዋል።

ዋናው ሕዝብ ኦታዋ የገባው በጃንዋሪ 29 ነው። በእኛ አቈጣጠር ያ ቀን ጥር 21፣ የአስተርእዮ ማርያም በዓል ነበረ፤ በዚያች ከተማ የሚኖር የተዋሕዶ ልጅ ነጠላውን በወፍራም ካፖርት ላይ አጣፍቶ ለመሳለም ቢወጣ፣ መንገዱን ተሳቢ ዘግቶት፣ ሰማዩንም ክላክስ ሞልቶት ያገኘዋል። ከዚህ ወዲያ ብርዱ ሁለት መልክ ያዘ። ሰልፈኞቹ በፓርላማው ፊት ባለው በዌሊንግተን መንገድ ላይ የማገዶ እንጨት ከምረው፣ እሳት አንድደው፣ ምግብ አብስለው ሰነበቱ፤ ደጋፊዎቻቸውም ናፍጣ በጀሪካን ያመላልሱላቸው ነበር። ፖሊስ ናፍጣውን መያዝ በጀመረ ጊዜ ብዙ ሰዎች ባዶ ጀሪካን ይዘው በመንገድ ላይ በመመላለስ አደናገሩት፤ ማሞቂያው ከቆመ ሰልፉም እንደሚቆም ሁለቱም ወገን ያውቅ ነበርና ነው። በሌላው በኩል ደግሞ ብርድን ያልመረጡ ሰዎች ነበሩ። ለቤት አልባዎች ምግብ የሚሰጠው ሼፐርድስ ኦቭ ጉድ ሆፕ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ ከሰልፈኞቹ አንዳንዶቹ ምግብ ስጡን ብለው ሠራተኞቹን እንዳስቸገሩና በደጁ ከሚመገቡት አንዱ እንደ ተደበደበ አስታወቀ። በመንገድ ዳር ለሹፌሮቹ ሾርባ ያመጣች ሴት ይህን ስትሰማ ምን እንደ ተሰማት ማወቅ እወዳለሁ።

የከተማው ነዋሪም ቅሬታ የሚቀል አልነበረም። በብርድ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር በምድር ላይ ተኝቶ ሞቃቱ ከበላዩ ሲሆን ድምፅ ወደ ላይ መበተኑን ትቶ ወደ ታች ይጐብጣል፤ የከባድ መኪና ክላክስም በየሕንጻው መካከል እያስተጋባ መዓልትና ሌሊት ሰውን እንቅልፍ ነሣ። አንዲት የ21 ዓመት ወጣት ነዋሪ ከስሳ፣ በፌብሩዋሪ 7 የኦንታሪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ክላክስ እንዳይነፋ አገደ። በ401 ድልድይ ላይ ሲሰማ እንባ ያመጣ የነበረው ድምፅ በሁለት ሳምንት ውስጥ በፍርድ የተከለከለ ሆነ።

በዚያው ቀን፣ በፌብሩዋሪ 7፣ ሌሎች ሰልፈኞች ዊንዘርን ከዲትሮይት የሚያገናኘውን አምባሳደር የተባለውን ድልድይ ዘጉ። በሁለቱ አገሮች መካከል ከሚመላለሰው ንግድ አንድ አራተኛ ያህሉ በዚያ ድልድይ ላይ ያልፍ ነበር፤ እስከ ፌብሩዋሪ 13 ተዘግቶ በቈየበትም ጊዜ የመኪና ፋብሪካዎች ዕቃ እያጡ ሥራ አቆሙ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው በድልድይ ላይ የቆመው ከበታቹ የሚያልፈውን ሹፌር ለማበረታታት ነበር፤ አሁን ግን በድልድይ መግቢያ ላይ የቆመው ሹፌር እንዳያልፍ ነው፤ ከተከለከሉትም ሹፌሮች የሚበዙት ክትባታቸውን ወስደው በሥራቸው ላይ የነበሩ ናቸው። ይህን ለውጥ ከዚያ ሁሉ ጩኸት ይልቅ ከባድ አድርጌ እቈጥረዋለሁ፤ ብርዱንም በዚያ ድልድይ ደጅ ያንኑ የመሰለ ሰው፣ በዚያው ትዕግሥት፣ ታግሦታል።

መንግሥት በፌብሩዋሪ 14 በ1988 የወጣውን የአስቸኳይ ጊዜ ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራ ላይ አዋለ፤ ከፌብሩዋሪ 18 እስከ 20 ፖሊስ የኦታዋን መንገዶች አስለቀቀ፣ ወደ 200 የሚጠጉ ሰዎችም ተያዙ፤ ሕጉ በፌብሩዋሪ 23 ተነሣ። በዳኛ ፖል ሩሎ የሚመራው ኮሚሽን በ2023 ለሕጉ መታወጅ በቂ ምክንያት ነበረ አለ፤ የፌዴራል ፍርድ ቤቱ ዳኛ ሪቻርድ ሞዝሊ ግን በጃንዋሪ 2024 አዋጁ ከሕግ ውጭ እንደ ነበረ ፈረዱ። በሕጉ ላይ የተማሩት እንዲህ ከተለያዩ በድልድዩ ላይ የቆሙት ጎረቤታሞች ቢለያዩ አይደንቅም።

ሰልፉ የተነሣበት የድንበር ትእዛዝ በካናዳ በኩል የተሻረው በኦክቶበር 1 ቀን 2022 ነው። ኦታዋ ምንም ብታደርግ ግን አሜሪካ የራሷን ክልከላ እስከ ሜይ 2023 አላነሣችምና፣ በ401 ላይ ባንዲራ የተውለበለበለት ያልተከተበ ሹፌር ጭነቱን ይዞ ወደ ዲትሮይት ለመሻገር ተጨማሪ አንድ የብርድ ወራት በካናዳ ውስጥ ብቻ እየተመላለሰ መጠበቅ ነበረበት።